ያልተከፈተው አሥራ ሁለተኛ እትም

ሐሙስ፣ የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። የፊልም ማኅደሩ ጠጋኝ ነጭ የጥጥ ጓንቷን አጥልቃ የአንድ አሮጌ አስፈሪ ፊልም አምስተኛ ጥቅል ከቆርቆሮው አውጥታ በጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታለች። ፊልሙ የሙሚ ፊልም ነው። በመድኃኒት የደረቀ፣ ከራስ እስከ እግሩ በጨርቅ የተገነዘና ሦስት ሺህ ዓመት በመቃብር የተኛ ሬሳ አንድ ቀን ሣጥኑን ገፍቶ ይነሣና በሕይወት ሳለ ይወዳት የነበረችውን ሴት ፍለጋ ይወጣል። ጥቅሉ የተበጠሰው ሙሚው ዐይኑን በሚገልጥበት ቦታ ላይ ነበር። ጠጋኟን ይህ አልገረማትም። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ሰው በወደደው ቦታ ነው፤ አጫዋቾቹ እያቆሙና እየመለሱ ያሳዩታልና።

የተቀደደውን ጠርዝ በምላጭ አስተካክላ፣ ቀዳዳውን ከቀዳዳው አጋጥማ፣ ማጣበቂያውን ልትጫን ስትል የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። እኚህን ሰው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሽ ኮምጣጤ እያለ ይጠራቸዋል። ፊልም መሞት ሲጀምር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ከመቶ ቆርቆሮ መካከል የታመመውን በአፍንጫቸው ብቻ ለይተው የሚያወጡት ደግሞ እርሳቸው ናቸው። በቅጽል ስማቸው ተቀይመው አያውቁም። እንዲያውም ሌላው ሰው በሹመቱ ሲጠራ እኔ በሙያዬ እጠራለሁ እያሉ ይኮራሉ።

እንግዳ እንደመጣባት ነገሯት። "ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ፊቷ ግን ደመና ነው" አሉና፣ ለመውጣት እንዳላሰቡ በሚያሳውቅ አኳኋን ከመደርደሪያው ሥር ቆርቆሮ መቁጠር ጀመሩ።

እንግዳዋ የግንዙ ታላቅ እህት ነበረች።

ግንዙ በአሮጌው ሲኒማ ቤት መተላለፊያ ውስጥ ያገለገሉ ኮሚክ መጽሔቶችን የሚሸጥ ወጣት ነው። ካባ የለበሱ ኃያላን ጀግኖች በሥዕል የሚተረኩባቸው፣ ወረቀታቸው እንደ ሻይ የጠቆረ የድሮ እትሞች ናቸው። ሲኒማ ቤቱ የሙሚ ፊልም በሚያሳይበት ቀን ደግሞ ነርስ እህቱ በፋሻ ትገንዘዋለች፤ እርሱም በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ተመልካች ያስደነግጣል። ግንዙ የሚለውን ስም ያወጡለት ትኬት ቆራጮቹ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም።

ከጠጋኟ ጋር የተዋወቁት ከስምንት ወር በፊት ነው። የፊልሙን ጥቅሎች ለማስረከብ ሄዳ ሳለ አላፊውን ሁሉ የሚያስጮኸው ይህ ሙሚ ወደ እርሷ ሲመጣ፣ አልጮኸችም፤ አረመችው። የፊልሙ ሙሚ የሚጎትተው ግራ እግሩን እንደሆነ፣ እርሱ ግን ቀኙን እየጎተተ እንደሆነ ነገረችው። ከፋሻው ውስጥ የመጣው መልስ ሳቅ ነበር። ለካ ግንዙ አካሄዱን የተማረው ስክሪኑን ፊት ለፊት እያየ ስለነበር ግራው ቀኝ ሆኖበት ኖሯል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሙሚ ያለባቸውን ኮሚኮች በክንዱ ታቅፎ ማኅደሩ ድረስ መጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣበት ምክንያት አልጠፋም።

ብዙ ይከራከሩ ነበር። በፊልሙ ሙሚው አፍቃሪ ነው፤ በኮሚኩ ወንጀለኛ። በፊልሙ ቀስ ብሎ እየተራመደ በሚሮጡት ሁሉ ይደርስባቸዋል፤ በኮሚኩ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ካባ ለባሹ ጀግና በአንድ ቡጢ ትቢያ ያደርገዋል። ይህ ፍርድ ግንዙን ያንገበግበው ነበር። ሦስት ሺህ ዓመት የታገሠ ፍጡር በአንድ ቡጢ መሞቱ የሠዓሊው ስንፍና እንጂ የጀግናው ኃይል እንዳልሆነ ሽንጡን ገትሮ ይሟገት ነበር። ጠጋኟ ሲሟገት ማየት ትወድ ነበር። በእርሱ ፊት ስትሆን ቃላት ከየት እንደሚመጡላት አታውቅም፤ እርሱ ሲሄድ ግን ያልተናገረችው ሁሉ በጉሮሮዋ ተሰልፎ ይቀራል።

እንቅፋቱ አባቷ ነበሩ። አባቷ በቤተ መዘክሩ የእውነተኞቹ ሙሚዎች ጠባቂና ተመራማሪ ናቸው። በመስታወት ውስጥ ስለተኙት ሙታን ሲናገሩ በአንቱታ ነው፤ ማታ ቤት ሲገቡ "ሴትዮዋን ዛሬ እርጥበት ነክቷቸዋል" ብለው እራት ሳይበሉ የሚተኙ ሰው ናቸው። ከአራት ወር በፊት፣ በአንድ እሑድ፣ ግንዙ ቤታቸው ለምሳ ተጋበዘ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ አልዋሸም። ፋሻውንም፣ በሩንም፣ የሰውንም ጩኸት እንዳለ ተረከላቸው። አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና "ሰው የተቀበረበትን ጨርቅ ለሳቅ የሚለብስ ሰው ከእኔ ማዕድ ምን ይፈልጋል?" አሉት። ግንዙ የቀረበለትን ጨርሶ በላ፣ እናቷን አመሰገነ፣ ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ማኅደሩ መጥቶ አንድ ኮሚክ ሰጣት። ሙሚው ጀግናውን አንገቱን አንቆ የያዘበት ሽፋን ያለው፣ ከአንድ ተከታታይ ታሪክ አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው እትም ነው። በጠራ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ከጀርባው ጠንካራ ካርቶን ተደግፎለት፣ አፉ በማጣበቂያ ታሽጓል። "በደንብ እይው" አላትና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። የስንብት ስጦታ ነው ብላ አመነች። እርሷም ልበ ሙሉ የአባቷ ልጅ ናትና፣ ሰው ጥሎኝ ከሄደ እኔ ልከተለው አይገባም ብላ አንገቷን አቀናች፤ ትራሷ ግን ይህን አያውቅም።

ነርሷ እንድትቀመጥ ብትጋበዝም አልተቀመጠችም። ነገሩን እንደ መርፌ በአንድ ጊዜ ወጋቻት። ወንድሟ ሩቅ ባለ ከተማ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቷል፤ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳል። ከሲኒማ ቤቱ ጋር የነበረው የዓመት ውል ዛሬ ያልቃል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ይገነዛል። ኮሚኮቹን በሙሉ ለአንድ ሰብሳቢ አስረክቧል፤ ሰብሳቢው ግን አሥራ ሁለቱም እትሞች እንዲሟሉለት ይፈልጋል።

"እሱ አትጠይቂያት ብሎኛል" አለች ነርሷ። "እኔ ግን እንደሱ ጨዋ አይደለሁም። መልስ የነፈግሽውን ሰው ዕቃ ይዘሽ መቀመጥሽ ነውር ነው፣ እህቴ።"

"የምን መልስ?"

"የደብዳቤው ነዋ።"

"የምን ደብዳቤ፣ እትዬ?"

ነርሷ ዐይኗን አጥብባ አየቻት። በሥራዋ የሚዋሽ በሽተኛ ለምዳለች፤ ይህች ልጅ ግን አትዋሽም። "ከካርቶኑ ጀርባ የሸጎጠው ደብዳቤ። አልከፈትሽውም እንዴ?"

"እሽጉን እንዴት አድርጌ እከፍተዋለሁ? ከተከፈተ እኮ በሰብሳቢዎች ዘንድ ደረጃው ይወርዳል።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ አንዳች ጥርጣሬ አልነበረም። በማኅደሩ እያንዳንዱ ጤነኛ ቆርቆሮ በወረቀት ታሽጎ ይቀመጣል፤ የከፈተ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። እርሷ ይህን ሕግ እንደ ፊደል ነው የቆጠረችው፤ በሥልጠናውም ከሁሉ አንደኛ የወጣችው በዚሁ ነበር። አራት ወር ሙሉ ኮሚኩን ፀሐይ ከማያገኘው መደርደሪያ ላይ አጋድማ አስቀምጣ፣ ማታ ማታ ሽፋኑን እያየች መልሳ ታስቀምጠው ነበር። ከልብ የወደደችውን ነገር የምትጠብቀው እንዲህ ነው።

ነርሷ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። "እሱ ነጋዴ ነኝ ባይ፣ አንቺ ጠባቂ ነኝ ባይ" አለች በመጨረሻ። "ሁለት አዋቂዎች ጣት በማትሞላ ማጣበቂያ ተለያያችሁ።"

ጋሽ ኮምጣጤ ቆርቆሮ መቁጠራቸውን ትተው ቀና አሉ። ነገርን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ተረት ለማን እንደተናገሩት ሳይታወቅ ወደ ግድግዳው ተናገሩ፤ ቀጥለውም ጥቅሉን እርሳቸው እንደሚከድኑት፣ ከአለቃም ጋር እርሳቸው እንደሚነጋገሩ ነግረው ቦርሳዋን አቀበሏት።

ጠጋኟ ጓንቷን አወለቀች። ደስ ሊላት ይገባ እንደነበር ታውቃለች፤ አልተጣለችምና። የተሰማት ግን ሐፍረት ነበር፤ በጥንቃቄዋ የመጣ፣ ስለዚህም በማንም የማታመካኘው ሐፍረት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ደረሰች። ኮሚኩን ከመደርደሪያው አውርዳ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና የሥራ ምላጯን አወጣች። በፊልም ላይ ስታ አታውቅም፤ አሁን ግን ማጣበቂያውን ከማግኘቷ በፊት ሁለት ጊዜ ሳተች። ካርቶኑን ስትስበው ከጀርባው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

"ሰኞ ዕለት አባትሽ ወደሚሠሩበት ቤተ መዘክር ሄጄ ነበር" ይላል ደብዳቤው። "ከመስታወቱ ፊት ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣምረዋል። በአንደኛው ጣታቸው ላይ ጨርቁ ትንሽ ተገልጦ ጥፍራቸው ይታያል። ይህን ሁሉ ፊልም አይቼ፣ ይህን ሁሉ ኮሚክ አንብቤ፣ ሙሚ ጥፍር እንዳለው አስቤ አላውቅም ነበር። አባትሽ እውነታቸውን ነው። ውሌን ስጨርስ ፋሻውን እተዋለሁ። ያን ጊዜ የሚያስፈራም የሚያስቅም ነገር አይኖረኝም፤ የሚተርፈው አሮጌ መጽሔት የሚሸጥ ተራ ሰው ነው። ያንን ሰው ታገቢዋለሽ? መልስሽ እምቢ ከሆነ ቃል ፈልገሽ አትቸገሪ። ዝም በዪኝ፤ ይገባኛል።"

የመጨረሻውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው። አራት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በሥራ ቦታም በእንቅልፏም፣ እምቢ ስትለው ኖራለች።

ሐሙስ ሐሙስ ከቤት የሚሠሩት አባቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ከንባብ ክፍላቸው ወጡ። የተከፈተውን ላስቲክ አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ የልጃቸውን ፊት አይተው ወንበር ሳቡ። ምን እንደተጻፈ አልጠየቁም። ጠጋኟ ይህን አስተዋለች።

"አባዬ፣ ያውቁ ነበር?"

ያውቁ ነበር። ግንዙ በዚያ ሰኞ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ሳለ ራሳቸው ቀርበው አናግረውት ኖሯል። እርሱም ለልጃቸው ሊጽፍላት እንዳሰበ፣ መልሱን ግን ከእርሷ እንጂ ከእርሳቸው እንደማይጠብቅ በትሕትና ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ አልቀረም። የተልባ እግር ጨርቅ ሳይቀደድ እንዴት እንደሚገለበጥ አስተማሩት፤ በእጁ ቀላልነት የሚወዳደረው ረዳት አላገኙም። ስለ እርሷ እርሱ አንድ ቀን አልጠየቀም፤ እርሳቸውም አንድ ቀን አላነሡም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

አባቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ። "ፈራሁ፣ ልጄ" አሉ። "እምቢ ያልሽው በእኔ ቃል መስሎኝ ነበር። ብጠይቅሽ 'አዎ፣ በእርስዎ ቃል ነው' እንዳትዪኝ ፈራሁ። ሙታን አይመልሱም፤ ከእነርሱ ጋር መኖር ለምዶብኛል።"

ጠጋኟ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን የራሷን ፊት ይዞ መጣባት። አባቷ ግንዙ እሑድ ለምሳ እንዲመጣ፣ ቦታውም እንደሚጠብቀው እንድትነግርላቸው ጠየቋት። ደብዳቤውን አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችና ተነሣች።

"የእርስዎን ቃል እርስዎ ያድርሱለት፣ አባዬ" አለቻቸው። "እኔ የራሴን እንኳ አላደረስኩም።"

በሩን ስትዘጋ፣ አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ "እውነትሽን ነው" ሲሉ ሰማቻቸው። የድምፃቸው ዝቅታ እስከ መንገዱ ተከተላት።

ከተማውን አቋርጣ ሲኒማ ቤቱ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በመተላለፊያው የግንዙ መደርደሪያዎች ባዶአቸውን ቆመዋል፤ ኮሚኮቹ በሣጥን ታሽገው፣ በገመድ ታስረው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው ተደርድረዋል። ከሣጥኖቹ አንዱ ሳይዘጋ ቀርቷል። ትኬት ቆራጩ አወቃትና ቦርሳዋን ሳይፈትሽ ወደ ኋላ ክፍል የሚወስደውን በር በአገጩ አሳያት።

ክፍሉ ከስክሪኑ ጀርባ ነው። ከወዲያ ማዶ የፊልሙ ሌላ ቅጂ ይታያል፤ የሙሚው ቀርፋፋ ኮቴ በሸራው በኩል ይሰማል። ግንዙ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ እህቱ ከራሱ ጀምራ ፋሻውን እየፈታችለት ነበር። ፊቱና አንገቱ ወጥተዋል፤ ፋሻው ደረቱ ላይ ደርሷል። ጉንጩ ላይ የፋሻው መስመር ታትሟል። ከስቷል። ነርሷ ጠጋኟን ባየች ጊዜ የፋሻውን ጫፍ በእጇ አስያዘቻትና፣ ማንም ውሃ ሳይጠይቃት፣ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች።

ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ቀድሞ ዐይኑን የሰበረው እርሱ ነበር። በእጇ የያዘችውን ኮሚክ አይቶ "ለእህቴ ስጪያት" አለ። "ሰውዬው ነገ ይረከባል።"

"አሁን የሚቀበለው አይመስለኝም። እሽጉን ከፍቼዋለሁ።"

"መቼ?"

"ዛሬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

ግንዙ የላስቲኩን አፍ አየ፤ በምላጭ የተቆረጠው ጠርዝ ገና ትኩስ ነው። ነጋዴ ነውና ምስክር አላስፈለገውም።

"አራት ወር ሙሉ ሽፋኑን አየሁ" አለችው። "በደንብ እይው አልከኝ። በደንብ አየሁት። ሙሚው ስንት ጣት እንዳለው ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።"

ሳይፈልግ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ ከሳቁ በኋላ ፊቱ የበለጠ ደከመ። እሽግ የማትከፍት ሴት መሆኗን ከማንም በላይ እያወቀ በእሽግ ውስጥ ደብዳቤ መደበቁ የራሱ ሞኝነት እንደሆነ ተናገረ። በእርሷ እንደማይፈርድ ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እየመረጠ ቀጠለ።

"ግን እምቢታሽን ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ቀን ያመኝ ነበር፤ ኋላ በሳምንት አንዴ ሆነ። ያለ አንቺ እንዴት እንደምኖር ቁጭ ብዬ አስቤ፣ አቅጄ፣ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ያን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከየት አምጥቼ ላፍርሰው?"

ከሸራው ወዲያ አንዲት ሴት በፊልሙ ውስጥ ጮኸች፤ አዳራሹ በሳቅ መለሰላት። ጠጋኟ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ መግቢያ፣ ማስረጃና መደምደሚያ ያለው። አንዱም ትዝ አላላትም።

"መልሴ አዎ ነው" አለች። "ያን ቀን ከፍቼው ቢሆን ኖሮም አዎ ነበር። አባቴ ቢቆጡም አዎ ነበር። አትሂድ አልልህም፤ ቃል ሰጥተሃል፣ ቃልህንም አከብራለሁ። አንተ ባለህበት ከተማ ፊልም ባይኖር እንኳ የሚጠገን ነገር አይጠፋም። በአንድ ከሰዓት በኋላም አፍርሰው አልልህም፤ አራት ወር ያቆሰልኩትን ሰው በአንድ ቃል ዳን ማለት አይቻለኝም።"

ግንዙ ያዳምጣታል። እጆቹ በጉልበቶቹ ላይ ናቸው፤ ጣቶቹ ከፋሻው ውጪ ናቸው።

"አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ" አለች። "ደብዳቤው ላይ የጠየቅከኝን እንደገና ጠይቀኝ። በወረቀት አይደለም፤ በአፍህ። አሁን፣ እኔ እየሰማሁህ።"

ግንዙ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ተመልሶም ገጠመ። በኮሪደሩ የነርሷ እርምጃ ቀረበ፤ ከበሩ ማዶ ቆመ፤ አልገባም። ጠጋኟ የፋሻውን ጫፍ እንደያዘች፣ ፊቱን ሳትለቅ ጠበቀችው። አንድ ቃል፣ አንድ ትንፋሽ፣ የአንገት ንቅናቄ እንኳ አልመጣም። መልስ የሚጠበቅበት ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደብዳቤ ብቻ ነበር ያነበበችው፤ አሁን በገዛ ደረቷ ውስጥ ተሸክማው ቆመች።